ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል

በወጣቶች ኅብረቶቻችን ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ አነጋገር አለ። ሰው ራሱን ሲያስተዋውቅ ትሰሙታላችሁ። «የምሠራው ባንክ ቤት ነው፤ አገልግሎቴ ግን መዝሙር ነው።» «ለእንጀራ ያህል ወረዳ ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ፤ አገልግሎቴ ምልጃ ነው።» ሁላችንም «ተባረኩ!» ብለን እናጨበጭባለን። «ባንክ ቤቱስ? ወረዳውስ? እዚያ የምታገለግሉት ማንን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ያንን አነጋገር ልቃወም ነው። ትሕትና ይመስላል፤ መንፈሳዊም ይመስላል። ከጀርባው ግን አደገኛ ትምህርት አዝሏል። ጌታ የሚገዛው እሑድንና የጸሎት ምሽቶችን ብቻ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ጊዜ የአለቃው፣ የገበያውና የኑሮ ውድነቱ ነው የሚል ትምህርት። መድረክ ላይ ቆሞ እንዲህ ብሎ የሚያስተምር ሰው አታገኙም። ነገር ግን ሳይሰበክ የሚሰማ፣ ሳይጻፍ የሚነበብ ትምህርት ሆኖ በመካከላችን ይኖራል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። ከእናንተ መካከል በጣም ትጉህ የሆነው የእሑድ አምልኮው፣ የኳየር ልምምዱ፣ የጸሎት ፕሮግራሙና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱ አንድ ላይ ቢደመር 12 ሰዓት ቢሞላ ነው። እንግዲህ 12ቱ ሰዓት «አገልግሎት»፣ 48ቱ ሰዓት «እንጀራ» ከሆነ፣ ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ ብለን እጃችንን ያነሣነው የትኛውን ሕይወት ሰጥተን ነው? የሰጠነው ትርፍራፊውን ነው ማለት ነው።

አንድ ቃል፣ ሁለት ግድግዳ

«አገልግሎት» የሚለውን ቃል ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። በቤተ ክርስቲያናችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አለ። ጉዳይ ኖሯችሁ መሥሪያ ቤት ስትሄዱም ከመስኮቱ በላይ «የደንበኞች አገልግሎት» ተብሎ ተጽፏል። ቋንቋችን ሁለቱን አልለያቸውም፤ የለየናቸው እኛ ነን። በዕብራይስጡም እንዲሁ ነው። «ዐቮዳ» የሚለው ቃል እስራኤላውያን በግብፅ ለደከሙበት የጭቃና የጡብ ሥራም (ዘጸ 1፥14)፣ ሌዋውያን በመገናኛው ድንኳን ለፈጸሙት አገልግሎትም (ዘኁ 4) ይውላል። አዳም ምድርን እንዲሠራትና እንዲጠብቃት በኤደን የተቀመጠው ኃጢአት ከመግባቱ በፊት ነው (ዘፍ 2፥15)። እርግማኑ ላብና እሾህ ጨመረ እንጂ ሥራን አላመጣም። ሥራ ቀድሞም ነበር፤ ያውም በገነት።

መጽሐፍ ቅዱስ በእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተሞሉ ከሚነግረን ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ማን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? ነቢይ አልነበረም፤ ካህንም አልነበረም። ባስልኤል ይባላል (ዘጸ 31፥1-5)። ወርቅ፣ ብርና ናስ የሚሠራ፣ ድንጋይ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚጠርብ የእጅ ባለሙያ ነበር። በመንፈስ የተሞላውም ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ ሳይሆን ሥራውን አሳምሮ እንዲሠራ ነው። «ቅባት አለው» የምንለው ማንን እንደሆነ ባስልኤልን እያሰብን ደግመን ብንጠይቅ መልካም ነው። በቧንቧ ሠራተኛ ላይ ቅባት አለ ብሎ የመሰከረ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ጌታችን ራሱ አገልግሎቱን ሲጀምር ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ያህል ነበር (ሉቃ 3፥23)። የናዝሬት ሰዎች የሚያውቁት በእንጨት ሥራው ነው (ማር 6፥3)። ከዮርዳኖስ ውኃ ሲወጣ አብ በልጁ ደስ እንደተሰኘ ከሰማይ ተናገረ። ያን ጊዜ ገና አንድ ስብከት አልሰበከም፤ አንድ ድውይም አልፈወሰም። አብ ደስ የተሰኘው ልጁ ስለሆነ ነው፤ ይህን አልዘነጋሁም። ነገር ግን ያ የመጥረቢያና የእንጨት ዘመን በአብ ዘንድ እንደባከነ ጊዜ አልተቆጠረም።

ይህ ደግሞ ከውጭ የመጣ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በውጭ ላሉ አጋሮቿ በጻፈችው ሰነድ የወንጌል ስብከትና የሰው ልጅ ልማት ሊነጣጠሉ እንደማይገባ፣ ሰው ነፍስ ብቻ ወይም ሥጋ ብቻ እንዳልሆነ ተከራክራለች። የዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ፤ በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገድለዋል። አባቶቻችን «ሰው ሙሉ ነው» ብለው ተከራክረዋል፤ እኛ ግን ሰውን እሑድና ሰኞ ብለን ለሁለት ቆረጥነው።

ከአንበሶቹ በፊት ምርመራ ነበር

ዳንኤልን መስበክ እንወዳለን። በቀን ሦስት ጊዜ መንበርከኩን፣ የተከፈተውን መስኮት፣ የተዘጋውን የአንበሶች አፍ እንናገራለን። ከዚያ በፊት ያለውን ግን እንዘለዋለን። ምዕራፍ 6ን ከመጀመሪያው አንብቡት። ዳርዮስ በግዛቱ 120 መሳፍንት ሾመ፤ በእነርሱም ላይ ሦስት አለቆች አደረገ። ለምን? የንጉሡ ሀብት እንዳይጎድል። በዛሬ ቋንቋ ዳንኤል የተሾመው ሒሳብ እንዲቆጣጠር ነው። የሥራ ባልደረቦቹም ሊጥሉት ፈልገው መዝገቡን አገላበጡ። ቀን ከሌት ፈለጉ። ያገኙት አንድም ነገር አልነበረም። ጉቦ የለም፤ ቸልተኝነት የለም፤ የጎደለ ገንዘብ የለም። ሥራው ላይ ቀዳዳ ስላጡ ወደ ጸሎቱ ዞሩ።

አስተውሉ፤ ዳንኤል በጸሎቱ የተከሰሰው በሥራው ሊከሰስ ስላልቻለ ነው። የእኛ ነገር ተገላቢጦሽ እንዳይሆን እፈራለሁ። ዛሬ ጠላት ሊከሰን ቢነሣ እስከ ጸሎታችን ድረስ መድከም ያስፈልገዋል? የመገኛ ፊርማችንን ቢያይ፣ የአበል ቅጹን ቢያገላብጥ፣ ከምሳ ስንት ሰዓት እንደተመለስን ዘበኛውን ቢጠይቅ አይበቃውም?

ተለጣፊው ጥቅስ

«እምነቴን በሥራ ቦታ እገልጣለሁ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የታወቁ ነገሮችን ነው። በኮምፒዩተሩ ጥግ ጥቅስ ይለጠፋል። የስልክ ጥሪው መዝሙር ይሆናል። «እንደምን አደራችሁ» በ«ጌታ ይባርካችሁ» ይተካል። አንዳቸውም ኃጢአት አይደሉም፤ እኔም ጥቅስ አንሡ አልልም። የምቃወመው ተለጣፊው በሥራው ፈንታ ሲቆም ነው።

አንዲት እናት ከሩቅ ሰፈር ሁለት ታክሲ ቀይራ መሥሪያ ቤታችሁ ትመጣለች እንበል። ሰዓቱ ሁለት ተኩል ነው፤ በሩ ተከፍቷል፤ ወንበሩ ግን ባዶ ነው። ባለወንበሩ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ይመጣል። «ሲስተም የለም፤ ከሰዓት ተመለሱ» ይላታል። ሲስተሙ አለ፤ የሌለው እርሱ ነው። ከሰዓት ስትመለስ ፋይሉ አልተገኘም። በሦስተኛው ቀን በር ላይ የቆመ ጉዳይ አስፈጻሚ ጠጋ ብሎ «ለሻይ የምትሆን ካለች…» ይላታል። ቀና ብላ ስታይ ከባለወንበሩ ራስ በላይ እግዚአብሔር እረኛ መሆኑን የሚናገር ጥቅስ ተለጥፏል። ያቺ እናት ከዚያ ቀን በኋላ እናንተ በሰፈሯ ወንጌል ይዛችሁ ስትሄዱ ምን የምትሰማ ይመስላችኋል? የጥቅሱ ጌታና የመስኮቱ ሰው በልቧ አንድ ሆነዋል።

ጳውሎስ ለቲቶ ሲጽፍ አገልጋዮች ከጌቶቻቸው እንዳይሰርቁ፣ ታማኝነታቸውንም እንዲያሳዩ ያሳስባል፤ ምክንያቱንም ያስረዳል፤ የአዳኛችንን ትምህርት ያስጌጣሉና (ቲቶ 2፥10)። ወንጌልን የሚያስጌጠው የወረቀት ጥቅስ አይደለም። ያልተሰረቀ እስክሪብቶ፣ ያልተሰረቀ ሰዓት፣ በቀጠሮው ቀን የተገኘ ፋይል ነው።

«ታዲያ በሥራ ቦታ ወንጌል አንመስክር?» ትሉኝ ይሆናል። መስክሩ እንጂ! ነገር ግን ጴጥሮስ የሚለውን አስቡ። ለሚጠይቋችሁ መልስ ለመስጠት ዝግጁ ሁኑ ይላል (1ጴጥ 3፥15)። የሚጠይቅ እንዲኖር አስቀድሞ የሚያስጠይቅ ነገር መታየት አለበት። ባለጉዳይ አሰልፎ ለባልደረባ መስበክ የራስን ሳይሆን የሰውን ጊዜ ለጌታ መስጠት ነው። የምሳ ሰዓት የእናንተ ነው፤ እርሱን ስጡ።

«ሞገስ» ማለት ምን ማለት ነው?

የምስክርነት ፕሮግራሞቻችንም መመርመር ይገባቸዋል። «ጌታ ሞገስ ሰጠኝ፤ ብዙ ሰው ተመዝግቦ እኔ ብቻ ተቀጠርሁ» የሚል ምስክርነት እንሰማለን፤ ሃሌ ሉያ እንላለን። አብዛኛው እውነት ነው፤ እግዚአብሔር ለልጆቹ በር ይከፍታል። ነገር ግን አንዳንዱ «ሞገስ» የአጎት ልጅ ስልክ ነው። አንዳንዱ የቅጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ ከእኛ አጥቢያ መሆኑ ነው። ከእኛ የተሻለ ውጤት ያመጣ፣ ዘመድ የሌለው ወጣት ያን ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ስሙን ፈልጎ አጥቷል። የእኛ ሃሌ ሉያ በእርሱ ጆሮ ምን ተብሎ ይሰማል? ሌላው በዘሩ፣ ሌላው በወንዙ ልጅ ሲሾም «አድልዎ» እንላለን፤ በቤተ ክርስቲያን ልጅነት ሲሆን «ሞገስ» እንለዋለን። ስሙ ስለተለወጠ ነገሩ አይለወጥም።

ዮሴፍ ሞገስ አገኘ፤ አዎን። ግን ያን ሞገስ ተከትሎ የመጣውን ታስታውሳላችሁ። በጌታው ቤት ታማኝ ሆነ፤ ታማኝነቱም እስር ቤት አስገባው። እስር ቤት ውስጥም ሥራ ተሰጠው፤ እዚያም ታመነ። ሞገስ ከሥራ ማምለጫ ሆኖለት አያውቅም። የእርሱን ታሪክ ለሹመት ብቻ የሚጠቅስ ሰው መካከለኛውን ምዕራፍ ቀዶ ጥሎታል።

አሥራቱ ከየት መጣ?

አሁን የሚከብደውን ልናገር። አሥራት መስጠት እንማራለን፤ ትክክል ነው። ከምን ገንዘብ ላይ እንደሚወጣ ግን እምብዛም አንጠያየቅም። ለሦስት ቀን የመስክ ሥራ ወጥቶ የአምስት ቀን አበል የፈረመ ሰው ከአምስቱ ቀን አበል አሥራት ቢያወጣ ለእግዚአብሔር የሰጠው የተሰረቀ ገንዘብ ነው። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» እያለ ሁለት ዋጋ የሚናገር ነጋዴ ወንድማችን አለ። ያለ ደረሰኝ ሲሸጥ የሚቀረው የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። አሥራት 10 በመቶ ነው። ከሕዝብ 15 ወስዶ ለቤተ ክርስቲያን 10 የሚመልስ ሰው በረከት እየጠበቀ ከሆነ፣ ኦሪት ዘዳግም በከረጢቱ ሁለት ዓይነት ሚዛን ስለሚይዝ ሰው የሚናገረውን ያንብብ (ዘዳ 25፥13-16)። ሁለት ሚዛን ዛሬ ሁለት ዋጋ ሆኖ መጥቷል።

ከእናንተ መካከል የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎች አላችሁ። የተሞላ ኮንክሪት ናሙናው ተወስዶ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በጭነት እንደሚፈተሽ ታውቃላችሁ። ከሲሚንቶው የተቀነሰው በዓይን አይታይም፤ ልስኑ ይሸፍነዋል፤ ቀለሙም ያሳምረዋል። ናሙናውን ሌላ ቦታ አሳምሮ ሠርቶ ማስፈተሽም፣ ፈርሞ ማሳለፍም ይቻላል። ነገር ግን ያ ምሰሶ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ይሸከማል፤ ከሥሩ ልጆች ይቀመጣሉ። የእናንተ ፊርማ እዚያ ላይ ነው። በእግዚአብሔር ፊት ያ ፊርማ ከመዝሙራችሁ ያነሰ ቅዱስ ነው የሚል ሰው ካለ ማስረጃውን ያሳየኝ።

መጥምቁ ዮሐንስ ዘንድ ሊጠመቁ የመጡ ቀራጮች «ምን እናድርግ?» ብለው ጠየቁት (ሉቃ 3፥12-14)። ዮሐንስ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ጾም ጨምሩም አላላቸውም። ከታዘዘው በላይ አትሰብስቡ አላቸው። ለወታደሮቹም ሰውን በግፍ አትዝረፉ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። የንስሐቸው ፍሬ የሚታየው በወንዙ ዳር አልነበረም፤ በቀረጥ ጠረጴዛውና በዘብ ቤቱ ነበር። ዘኬዎስም መዳኑ የታየው ኪሱ ሲከፈት ነው፤ ያታለለውን አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሣ (ሉቃ 19፥8)።

«ደመወዝ አይበቃም»

ይህን ስጽፍ መልሳችሁ ይሰማኛል። «መምህር፣ የቤት ኪራዩን ታውቃለህ? የዘይቱን ዋጋ ታውቃለህ? በዚህ ደመወዝ ንጹሕ ሆኖ መኖር ይቻላል?» ጥያቄው የአመፀኛ ጥያቄ አይደለም፤ የተራበ ሰው ጥያቄ ነው። ስለዚህ በአንድ ጥቅስ አላባርረውም።

ሁለት ነገር ግን ልበል። አንደኛው፣ ጉቦ የሚወስደው ደመወዝ ያነሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለ ትልቅ ደመወዙ ንጹሕ በሆነ ነበር። አልሆነም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ያመጣው ረኃብ አይደለም፤ ሹመትን እንደ ማዕድ የሚያይ ልብ ነው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነው፤ በሻይ ይጀምራል፤ በመሬት ካርታ ይጨርሳል። ነህምያን ተመልከቱ። የይሁዳ ገዥ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት ገዥዎች ከሕዝቡ ላይ እንጀራና ወይን፣ ከዚያም በላይ 40 ሰቅል ብር ይወስዱ ነበር። እርሱ ግን 12 ዓመት ሙሉ የገዥነቱን ቀለብ አልበላም (ነህ 5፥14-15)። ያ ቀለብ የሚገባው ነበር፤ በዛሬ ቋንቋ ሕጋዊ አበሉ ነው። የተወው ሕዝቡ ስለከበደው፣ እግዚአብሔርንም ስለፈራ ነው። እኛ የማይገባንን መተው አቃተን፤ እርሱ የሚገባውን ተወ።

ሁለተኛው ነገር የሚመለከተው ወጣቱን ብቻ ሳይሆን ኅብረቱን ነው። «አትፈርም» ብለን እያስተማርን፣ አልፈርምም ብሎ ከሥራ የተባረረውን ወንድም «ጌታ ያውቃል» ብለን ወደ ቤቱ የምንሸኘው ከሆነ፣ ትምህርታችን ግማሽ ነው። ለኳየር ልብስ ገንዘብ ይሰበሰባል። ለድምፅ ማጉያ ይሰበሰባል። ስለ እውነት እንጀራዋን ላጣች እህት የሦስት ወር የቤት ኪራይ ለምን አይሰበሰብም? ብቻውን የቆመ ሰው ይወድቃል። ዳንኤል እንኳ ሦስት ጓደኞች ነበሩት።

መድረክ ያልነበረው ዘመን

ታሪካችንን አንርሳ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ተዘጋች። ሕንፃዎቿ ተወሰዱ፤ መሪዎቿ ታሰሩ። ማይክሮፎን አልነበረም፤ ኮንፈረንስ አልነበረም፤ ፖስተር አልነበረም። አማኞች በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ተሰበሰቡ። በተዘጋች ጊዜ 5 ሺህ ገደማ የነበሩት አባላት ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ዳግም በግልጽ ስትሰበሰብ 34 ሺህ ገደማ ሆነው ተገኙ። መድረክ የሌላት ቤተ ክርስቲያን እንዴት አደገች? የቀራት ቤቷና የሥራ ቦታዋ ነበር። ሰው ወንጌልን የሚያየው ከጎረቤቱና ከባልደረባው ሕይወት ላይ ነበር። «ጴንጤ» የሚለው ስም ያን ጊዜ ስድብ ነበር። ነገር ግን ቀን በስብሰባ የሚሳደበው አለቃ የገንዘብ ሣጥኑን ቁልፍ የሚያስረክበው ለዚያው ጴንጤ ነበር ይባላል።

አሁን ቁጥራችንን ተመልከቱ። በ1976ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቶች ከአገሪቱ ሕዝብ 5.5 በመቶ ያህል ነበሩ። በ1987ቱ 10.2 በመቶ፣ በ1999ኙ ደግሞ 18.6 በመቶ ሆኑ። በ23 ዓመት ውስጥ ድርሻችን ከሦስት እጥፍ በላይ ጨመረ። እግዚአብሔር ይመስገን! ግን አንድ ጥያቄ እንደ እሾህ ይወጋኛል። ያኔ ጥቂት ሳለን ስማችን የቁልፍ መያዣ ነበር። ዛሬ ብዙ ሆነን በየመስኮቱ፣ በየሱቁ፣ በየሳይቱ ተቀምጠናል። ባለጉዳይ «ይህቺ ጴንጤ ናት፤ እርሷ ጋ ልሰለፍ» ይላል? ይህን የሚል ከሌለ፣ በቆጠራው ላይ ያደገው ቁጥር ምኑ ነው ያደገው?

ቤታችሁ ያለው መሥሪያ ቤት

እስካሁን ያልሁት ስለ ተቀጣሪነት ነው። ብዙዎቻችን ግን ሳናውቀው አሠሪዎች ነን። በቤታችን ውስጥ ጎሕ ሳይቀድ የምትነሣ፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ የምትተኛ አንዲት ልጅ አለች። ከገጠር መጥታለች፤ ዕድሜዋ ከታናሽ እህታችሁ ዕድሜ አይበልጥም። እናንተ የሌሊት ጸሎት ስትሄዱ በር የምትከፍተው እርሷ ናት፤ ስትመለሱም እርሷ ናት። የዕረፍት ቀኗ የትኛው ነው? ደመወዟን በእጇ ትቀበላለች ወይስ «እናስቀምጥልሻለን» ተብላለች? የማታ ትምህርት ትሄዳለች? የቤተሰብ ጸሎት ሲደረግ ትቀመጣለች ወይስ ቡና ታፈላለች?

ጳውሎስ ለጌቶች የሚገባውንና እኩልነት ያለበትን ለአገልጋዮቻቸው እንዲሰጡ፣ እነርሱም በሰማይ ጌታ እንዳላቸው እንዲያስቡ ይጽፋል (ቆላ 4፥1)። የሙሴ ሕግ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ እስከ ጠዋት እንዳይቆይ ያዝዛል (ዘሌ 19፥13)። ያዕቆብ ደግሞ የተከለከለው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፣ ጩኸቱም ወደ እግዚአብሔር ጆሮ እንደሚገባ ይናገራል (ያዕ 5፥4)። በሳሎናችን የምንጮኸው ጸሎትና ከጓዳ የሚወጣው ያ ጩኸት አብረው ወደ ላይ ይወጣሉ። የትኛው ቀድሞ እንደሚሰማ እናንተው ፍረዱ።

«ቤቱ የወላጆቼ ነው፤ እኔ ምን አደርጋለሁ?» አትበሉ። ሳህናችሁን ማጠብ ትችላላችሁ። ስሟን መጥራት ትችላላችሁ። እሑድ ከሰዓት ቤቱን እናንተ ጠብቃችሁ እርሷን ማሳረፍ ትችላላችሁ። ፊደል ማስቆጠር ትችላላችሁ። ይህ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ቀራጮቹ የጠየቁትን እኛም እንጠይቅ። በየኅብረታችሁ ተነጋግራችሁ ከዚህ ሩብ ዓመት ጀምሮ ልትፈጽሟቸው የምትችሉ ጥቂት ነገሮች ልጠቁም።

በትንንሽ ቡድኖቻችሁ «የጸሎት ሕይወትህ እንዴት ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ሥራህስ እንዴት ነው?» የሚለውን አስገቡ። አለቃህ ምን አስፈረመህ? ስንት ሰዓት ገባህ? የትኛው ባለጉዳይ ተጉላላ? በስም ሳይሆን በእውነት ተጠያየቁ። በዩኒቨርሲቲ ያላችሁም አልቀረላችሁም። ዛሬ ፈተና የኮረጀ እጅ ነገ ደረሰኝ ለመሰረዝ አይንቀጠቀጥም።

በምስክርነት ፕሮግራም ላይ ለጠፋውም ሰው ጊዜ ስጡ። ሹመት ያገኘው ብቻ ሳይሆን፣ አልፈርምም ብሎ ሹመት ያለፈው ይመስክር። ለእርሱም ሃሌ ሉያ በሉ፤ ያውም ጠንከር አድርጋችሁ።

በየአጥቢያችሁ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ የሠሩ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት ያስታመሙ፣ መርካቶ በአንድ ዋጋ ሸጠው ያረጁ አባቶችና እናቶች አሉ። መድረክ ላይ ወጥተው ስለማያውቁ አታውቋቸውም። ጠርታችሁ ጠይቋቸው። እንዴት እንደቆሙ፣ ምን እንዳጡ፣ ማን እንዳገዛቸው ይንገሯችሁ። ከእነርሱ አንድ ከሰዓት ከምታገኙት ትምህርት ጋር የሚስተካከል ኮንፈረንስ ጥቂት ነው።

ስለ እውነት ሥራ ላጡ የሚሆን ትንሽ ሣጥን አኑሩ። በወር ከየአንዳንዳችሁ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ቢገባበት እንኳ ለአንድ ሰው መቆሚያ ይሆናል።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በወንበራችሁ ተገኙ። መስኮቱን ክፈቱ። ከመስታወቱ ማዶ የቆመውን ሰው ቀና ብላችሁ እዩት፤ «ምን ልታዘዝ?» በሉት፤ ጉዳዩንም ዛሬ ጨርሱለት። ስማችሁን ወይም ቤተ ክርስቲያናችሁን ከጠየቃችሁ ያን ጊዜ ንገሩት።

ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።